የመታጠቢያ ቤት የእጅ መደገፊያ ከማስገጠማችሁ በፊት

ለእናት ለአባታችሁ የእጅ መደገፊያ ብረት ልታስገጥሙ ከሆነ መጀመሪያ ግድግዳውን አንኳኩ። ድምፁ ባዶ ከሆነ ወይ ብሎኬቱ ክፍት ነው፣ ወይ ከሴራሚኩ ጀርባ ሲሚንቶ አልሞላም። እዚያ ላይ ተራ ፊሸር (ብሎን የሚይዘው የፕላስቲክ መሰኪያ) አይነክስም፤ ሰው ሲንጠለጠልበት ከነሴራሚኩ ይነቀላል። ሴራሚኩን አንስታችሁ የብሎኬቱን ቀዳዳ በኮንክሪት ሙሉት፤ ቢያንስ 7 ቀን ይጠንክር። ሴራሚክ ሲበሳ የድሪሉ የመዶሻ ምት (ሀመር) ይጥፋ፣ አለዚያ ይሰነጠቃል።

ከሽንት ቤቱ መቀመጫ ጎን የሚገባው አግድም ብረት ከወለሉ ከ84 እስከ 91 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከመብሳታችሁ በፊት ግን እሳቸውን ቁጭ ብድግ አድርጓቸውና እጃቸው የሚያርፍበትን በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ብረቱ ከግድግዳው የሚርቀው 38 ሚሊ ሜትር ነው፤ በጣም ከሰፋ ሲወድቁ ክንድ ሾልኮ ይገባና ይሰበራል። የፎጣ ማንጠልጠያን መደገፊያ አታድርጉት፣ ክብደት አይችልም።