ትልቅ የዘረመል ፋይል ዚፑ ሳይፈታ እንዴት ይሠራበታል

በጂዚፕ (ፋይል በሚያሳንሰው ፕሮግራም) የታመቀ የዘረመል ፋይል እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ሐሳብ መፍታት ነው። አትፍቱት። እኔ ስጀምር ፈትቼው፣ ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ጠዋት ዲስኩ ጢም ብሎ ሞልቶ አገኘሁት፤ የተፈታውም ገና ግማሹ ነበር። የሰው ጂኖም 3 ቢሊዮን ያህል ፊደል ነው፣ ላቦራቶሪው ደግሞ እያንዳንዱን ቦታ 30 ጊዜም ከዚያ በላይም ደጋግሞ ስለሚያነበው የአንድ ሰው ፋይል ሲፈታ በመቶዎች ጊጋባይት ሊደርስ ይችላል። ደስ የሚለው፣ መፍታት አያስፈልግም።

(ትዕዛዞቹን እዚህ እንደ አጠራራቸው ጽፌያቸዋለሁ፤ ተርሚናሉ (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ በላቲን ፊደል ነው የምትጽፏቸው።)

መጀመሪያ ፋይሉ ሙሉ መሆኑን እዩ። ሲወርድ መሃል ላይ የተቋረጠ ፋይል ከውጭ ሲታይ ደህና ይመስላል። ጂዚፕ -ቲ ብላችሁ ስሙን ስጡት። ምንም ካላለ ደህና ነው። ከጮኸ እንደገና አውርዱ። የኤምዲ5 ቁጥር (ፋይሉ ሳይለወጥ መድረሱን ማረጋገጫ) አብሮ ከመጣም እሱን አመሳክሩ።

ከዚያ ውስጡን እዩ (ፋስትኪው ማሽኑ ያነበባቸው የዲኤንኤ ቁራጮች የሚጻፉበት የፋይል ዓይነት ነው፤ | ማለትም ፓይፕ የአንዱን ትዕዛዝ ውጤት ለቀጣዩ ያቀብላል)፦

ዜድካት ናሙና.ፋስትኪው.ጂዜድ | ኼድ -4

ዜድካት እየፈታ ያፈሳል፣ ኼድ 4 መስመር ተቀብሎ በሩን ይዘጋል፣ ዲስኩ ላይ የሚጻፍ ነገር የለም። ፋይሉ የፈለገውን ያህል ቢተልቅ መልሱ ወዲያው ነው። ማክ ላይ ከሆናችሁ በዜድካት ፋንታ ጂዜድካት በሉ።

አራቱን መስመሮች ረጋ ብላችሁ ተመልከቷቸው፤ እያንዳንዱ ሪድ፣ ማለትም ማሽኑ ያነበበው የዲኤንኤ ቁራጭ፣ አራት መስመር ይይዛል። የመጀመሪያው በ@ ይጀምራል፣ የሪዱ ስም ነው። ሁለተኛው ኤ፣ ሲ፣ ጂ፣ ቲ ፊደሎቹ ናቸው፤ ማሽኑ ያልለየው ቦታ ላይ ኤን ይገባል። ሦስተኛው + ነው። አራተኛው የተዘበራረቀ ይመስላል እንጂ የእያንዳንዱ ፊደል የጥራት ውጤት ነው፤ ስለዚህ ርዝመቱ ከሁለተኛው ጋር እኩል መሆን አለበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሪዶቹን ሲቆጥር ነው። ሁሉም በ@ ይጀምራሉ ብሎ በግሬፕ (በፈላጊው ትዕዛዝ) @ን ይቆጥራል። ግን @ ራሷ የጥራት ምልክት ናት፣ ዛሬ በተለመደው አጻጻፍ 31 ማለት ነች፣ እና አራተኛው መስመር በእሷ ሊጀምር ይችላል። ቁጥሩ ያለልክ ይወጣል፣ ማንም አያስጠነቅቃችሁም። መስመር ቆጥሩና ለ4 አካፍሉ፦

ዜድካት ናሙና.ፋስትኪው.ጂዜድ | ደብሊውሲ -ኤል

ለ4 እኩል ካልተካፈለ ፋይሉ ችግር አለበት።

ሁለት የታመቁ ፋይሎችን ማገናኘት ከፈለጋችሁ በካት ቀጥሏቸው፣ ሳይፈቱ ይሠራል። ጥንድ ፋይሎች (የእያንዳንዱ ቁራጭ ሁለት ጫፎች በሁለት ፋይል የተቀመጡባቸው) ከሆኑ ግን አንደኛውንም ሁለተኛውንም ወገን በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ቀጥሉ፤ አለዚያ ጥንዶቹ ይለያያሉ። ውጤት ስታስቀምጡ በፓይፕ መልሳችሁ ወደ ጂዚፕ ላኩትና በ> አዲስ ስም ስጡት። አዲስ! የድሮውን ስም ከሰጣችሁት ተርሚናሉ ገና ማንበብ ሳይጀመር ፋይሉን ባዶ ያደርገዋል።

የቪሲኤፍ ፋይል፣ ማለትም የሰዎች የዘረመል ልዩነት ዝርዝር፣ ሌላ ነገር ይፈልጋል። ተራ ጂዚፕ መሃሉን ለማየት ከራስጌው ጀምሮ ማንበብ ግድ ይለዋል። ቢጂዚፕ ግን እያንዳንዳቸው ከ64 ኪሎባይት በማይበልጡ ብሎኮች ከፋፍሎ ያምቃል፣ ታቢክስ ደግሞ ማውጫ ይሠራለታል። ፋይሉ በቦታ ቁጥር የተደረደረ መሆን አለበት። ከዚያ ታቢክስን ከፋይሉ ስም ጋር 17:43000000-43200000 (ክሮሞሶም 17 ላይ ከየት እስከ የት) ብትሉት ብራካ1 የተባለው ጂን ያለበትን አካባቢ በጂአርሲኤች38 (በማጣቀሻው የሰው ጂኖም ቅጂ) ቁጥር ዓይናችሁ ሳይርገበገብ ያወጣላችኋል።

ምንም ካልወጣ ፋይሉ ባዶ ነው ብላችሁ አትደምድሙ። አንዳንዱ ፋይል ክሮሞሶሙን «17» ይለዋል፣ አንዳንዱ «ሲኤችአር17»። ታቢክስ -ኤል ብላችሁ የስሞቹን ዝርዝር አውጡና በዚያው አጻጻፍ ጠይቁት።