አሮጌ የአሉሚኒየም ጀልባ ስታድሱ ኋላዋ ላይ እንዳትሳሳቱ

4 ሜትር ከ20 የሆነች አሮጌ የአሉሚኒየም ጀልባ ገላን ግቢያችን ውስጥ አድሰን ዝዋይ ልናወርድ ስንነሣ፣ ሥራው ቀለምና ብየዳ ብቻ መስሎን ነበር። ፊቷ ምንም አላስቸገረንም። ያለፋን ኋላዋ ነው። ሞተሩም፣ ነጂውም፣ ነዳጁም፣ ባትሪውም የሚከማቹት እዚያው ነው። እዚያ ላይ የሚሠሩትን ስህተቶች ልንገራችሁ፤ አንዳንዶቹን እኛም ሠርተናል።

መጀመሪያ፣ ቦታ ለማስፋት ብላችሁ የኋላውን አግዳሚ ቆርጣችሁ አትጣሉ። አግዳሚው መቀመጫ ብቻ አይደለም፤ ግራና ቀኙን ጎን የሚይዝ ማገር ነው። ብዙ ጊዜ ውስጡ ፎም አለ። ጀልባዋ ውሃ ብትሞላ እንኳ እንዳትሰምጥ የሚይዛት እሱ ነው። እኛ ሪቬቱን ፈትተን ስናነሣው ጎኗ በእጅ ሲገፋ እሺ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ደንግጠን መልሰን ገጠምነው። የግድ መነሣት ካለበት ከኋላው ግድግዳ እስከ ወለሉ በሁለቱም በኩል ባለ ሦስት ማዕዘን ድጋፍ አስበይዱ። የወጣውን ፎም ያህልም ሌላ ቦታ መልሱ።

ሁለተኛው ከሁሉም የከፋው ነው፤ የበሰበሰ እንጨት ላይ አዲስ ላሜራ መደረብ። እንደኛዋ ያሉ ብዙ ጀልባዎች የኋላ ግድግዳቸው ውስጥ ኮምፔንሳቶ አለ። ሞተሩ ጀልባዋን የሚገፋው እሱን ተደግፎ ነው። ከውጭ ደህና ይመስላል። በመዶሻ ቀስ ብላችሁ አንኳኩት፤ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው ይታፈናል። የእኛን የሞተሩ ቡሎን ቀዳዳ ላይ በካቻቢቴ ነካ ስናደርገው እስከ እጀታው ገባ። የወጣው እንጨት የቡና አተላ ይመስል ነበር። ሁሉንም አውጥታችሁ ቀይሩት። አዲሱን ኮምፔንሳቶ ጠርዙንም የቡሎን ቀዳዳውንም ኢፖክሲ (ሲደርቅ ውሃ የማያስገባ ሙጫ) አጠጡት። በመዳብ ኬሚካል የታከመ እንጨት ግን አይሁን፤ መዳብ እርጥበት ሲያገኝ አሉሚኒየምን ይበላል። የነሐስ ቡሎንም እንደዚያው ነው። ስቴንለስ ተጠቀሙ።

የበርና የመስኮት በያጅ ሁሉ አሉሚኒየም አይበይድም። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ላዩን የሸፈነው ኦክሳይድ ግን ከ2,000 በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ኦክሳይዱ ሳይነሣ ከሥሩ ያለው ይፈስሳል። «ይሄ እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅህም» አለን በያጃችን። ከቃሊቲ እስከ ዱከም ጋራዥ ሞልቷል። የአሉሚኒየም ቦቴ የሚጠግን፣ በአርጎን ጋዝ የሚበይድ ሰው ፈልጉ። ብሩሹም የስቴንለስ፣ ብረት ነክቶ የማያውቅ ይሁን።

ክብደት ላይም ተጠንቀቁ። 60 ሊትር ቤንዚን ብቻውን 45 ኪሎ ገደማ ነው። ባትሪና ነጂ ሲጨመር ኋላዋ ይቀመጣል፣ ፊቷ ሰማይ ያያል። ዝዋይ ላይ ከሰዓት ነፋስ ሲነሣ ደግሞ ማዕበሉ የሚገባው በዝቅተኛው ግድግዳ በኩል ነው። ምንም ነገር በቡሎን ከማሰራችሁ በፊት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልታችሁ በየቦታው አስቀምጡና ሐይቁ ላይ ሞክሩ። ባትሪው ወደ መሃል ቢሄድ ጥሩ ነው።

የኋላ ግድግዳው ቁመት ከሞተሩ እግር ጋር ይግጠም፤ ለአጭር እግር ሞተር 38፣ ለረጅሙ 51 ሴንቲሜትር ገደማ። ዝዋይ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል። ታዲያ ትልቅ ሞተር ልግጠም የሚል ሐሳብ ይመጣል። ጀልባዋ ከተፈቀደላት የፈረስ ጉልበት አትለፉ። ይልቅ በአንድ ዙር አጭር ርቀት የሚገፋ ፕሮፔለር ግጠሙ።

በመጨረሻ፣ አዲሶቹ ድጋፎች የውሃውን መንገድ እንዳይዘጉ ከሥራቸው ቀዳዳ ተዉ። ወለሉን ሳትገጥሙ አንድ ባልዲ ውሃ ፊቷ ላይ አፍስሱና በኋላው ማፍሰሻ መውጣቱን እዩ። የእኛው ግማሹ መሃል ላይ ቀረ፤ በያጁን መልሰን ጠራነው።