በቁልቁለት ብቻ የምትበር የእንጨት መኪና እንዴት ትሰራለች?

ደብረ ማርቆስ ያደገ ልጅ ቁልቁለት አያጣም። እኛ ልጆች ሆነን ከጋራዥ የተጣለ ኩሽኔታ ለምነን፣ ሳንቃ ስር መትተን፣ ላዩ ላይ ተቀምጠን እንወርድ ነበር። ጉልበታችን ሁሌም የተላጠ ነበር። አሁን ከልጆቼና ከጎረቤት ልጆች ጋር የምሰራው ትንሿን ነው። በአንድ እጅ የምትያዝ፣ ሞተር የሌላት፣ በሳንቃ መንገድ ላይ ሲለቋት ራሷ የምትወርድ የእንጨት መኪና።

ይህ ጨዋታ አባት አለው። እ.ኤ.አ. በ1953 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዶን መርፊ የሚባል ሰው ነው የጀመረው። ልጁ ሰው ተቀምጦባት በምትወርደዋ በትልቋ መኪና ለመወዳደር እድሜው አልደረሰም። ስለዚህ ለእሱና ለስካውት ጓደኞቹ ትንሿን አሰበላቸው። ደንባቸው እስከ ዛሬ ይሰራል። ክብደቷ ከ5 አውንስ፣ ማለትም ከ141.7 ግራም አይበልጥም። ርዝመቷ 17.8 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቷ ጎማዎቿን ጨምሮ 7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። እኛ ሰፈር 140 ግራም ላይ ተስማምተናል።

ወደ ስራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰው ሁሉ የሚደክመው ቅርጿ ላይ ነው። ፍጥነቷ ያለው ግን ጎማውና ሚስማሩ በሚነካኩበት ቦታ ነው። የመጀመሪያዋን መኪናዬን ሦስት ቀን ስሞርድና ስቀባ ከረምኩ። አንድ የጎረቤት ልጅ በአንድ ከሰዓት ከቁራጭ ጣውላ የሰራት መኪና ጥላት ሄደች። የልጁን መኪና አንስቼ ጎማዋን በጣቴ መታ ሳደርገው ዝም ብሎ ይሽከረከራል። የእኔ ሁለት ዙር ሄዶ ቆመ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጊዜዬን የማጠፋው ጎማ ላይ ነው።

እንጨቱ

ዋንዛ ካገኛችሁ ሌላ አትፈልጉ። ቀላል ነው፣ ለመጋዝም ለሞረድም ይታዘዛል፣ በቀላሉ አይሰነጠቅም። ጽድ ሽታው ደስ ይላል፣ ሚስማር ሲጠጋው ግን ይተረተራል። ከእንጨት ቤት ቁራጭ ብትጠይቁ በነጻም ይሰጧችኋል። የደረቀ መሆኑን ብቻ አረጋግጡ።

17.8 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 4.5 ስፋት፣ 3 ውፍረት አድርጋችሁ ቁረጡ። ሳትቀርጹት በፊት የሚስማሮቹን ቀዳዳ ብሱ። ቅርጹ ከወጣ በኋላ ቀጥ ያለ ጠርዝ ስለማይኖር ልካችሁን ታጣላችሁ። ቀዳዳዎቹ ከታች ጠርዝ 5 ሚሊ ሜትር ከፍ ይበሉ። የኋላው ቀዳዳ ከኋላ ጫፍ 1.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፣ የፊተኛውም ከፊት ጫፍ እንዲሁ። በመዶሻ ብቻ አትምቱ። ሚስማሩ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ይጣመምባችኋል። ከሚስማሩ በትንሹ በሚቀጥን ጫፍ፣ በድሪል፣ ከጎን በማዕዘን መለኪያ እያያችሁ ብሱት። ከዚያ ቅርጹን እንደወደዳችሁ አውጡት። ከፊት ቀጠን፣ በአጠቃላይ ዝቅ ያለች ትሁን። ደብረ ማርቆስ ከባህር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ያለች ስለሆነች አየራችን ከባህር ዳርቻ ከተሞች አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ስስ ነው። ስለዚህ እኛ ዘንድ ቅርጽ የሚያስገኘው ጥቅም ይበልጥ ያንሳል።

ጎማና ሚስማር

ለጎማ መጀመሪያ የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ እንደ ካሮት ከትፌ ነበር። በሳምንቱ ሁሉም ከጠርዝ እስከ መሃል ተሰነጠቁ። አናጢው ጎረቤታችን አይተው፣ «አንተ ልጅ፣ እርጥብ ነው ብየህ አልነበር!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ክብ ሆኖ የተቆረጠ እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ዙሪያው አብዝቶ ስለሚኮማተር መሰንጠቁ አይቀርም።

አሁን የምጠቀመው የሃይላንድ ውሃ ክዳን ነው። ስፋቱ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለዚህች መኪና ልክ ነው፣ ቀላልም ነው። ችግሩ ፕላስቲኩ ስስ መሆኑ ነው። ብስተው ሚስማር ቢያስገቡበት ይወላገዳል። ስለዚህ ከመጥረጊያ እጀታ 1 ሳንቲ ሜትር ቆርጬ ክዳኑ ውስጥ በኮላ እተክላለሁ። ክፍተት ከቀረ ክር እጠመጥምበታለሁ። እንጨቱ ትንሽ ክብደት ይጨምራል፣ ግን መሃል ላይ ስለሆነ አይጎዳም። ጎማን ለማሽከርከር የሚያስቸግረው ጠርዙ ላይ ያለ ክብደት ነው።

መሃሉን ለማግኘት ክዳኑን ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ ዙሪያውን ሳሉ፣ ክቡን ቁረጡ፣ ሁለቴ እጠፉት። እጥፋቶቹ የሚገናኙበት መሃሉ ነው። ወረቀቱን ክዳኑ ላይ ለጥፋችሁ በመርፌ ነቁጡት፣ ከዚያ ብሱ። ቀዳዳው ውስጥ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ ቀጭን ቱቦ አስገቡና በኮላ አጣብቁት። ጎማው ሚስማሩ ላይ የሚሽከረከረው በዚህ ቱቦ ነው። ቱቦውን መጀመሪያ አልኮል በነካ ክር ውስጡን ጥረጉት፣ የቀረ ቀለም ሙጫ ይሆናል። ሚስማር ስትገዙ ቱቦውን ይዛችሁ ሂዱ። ሚስማሩ ሳይገፋ የሚገባ፣ ገብቶም የማይንገዳገድ መሆን አለበት።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ክቡን እውነተኛ ክብ ማድረግ ነው። የቱንም ያህል ብትጠነቀቁ ቀዳዳው በጥቂቱ ከመሃል ይስታል። የክዳኑ ጠርዝም ጥርስ ጥርስ አለው። መፍትሄው ጎማውን በራሱ ቀዳዳ ዙሪያ መሞረድ ነው። አንድ ሚስማር ላይ ስኮች አንድ ሁለቴ ጠምጥሙና ጎማውን እስኪይዝ ድረስ አስገቡት። ሚስማሩን ድሪል ላይ እሰሩ። ብርጭቆ ወረቀት በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ለጥፋችሁ፣ ድሪሉን በዝግታ እያዞራችሁ፣ ጎማውን አስነኩት። መጀመሪያ ወረቀቱ ጎማውን እዚህም እዚያም ብቻ ይነካዋል፣ ድምጹም ቸክ ቸክ ይላል። ድምጹ ሳይቆራረጥ እኩል ሲሆን ጎማው ክብ ሆኗል ማለት ነው። በጆሮ ነው የሚታወቀው።

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። እኔ ድሪሉን በሙሉ ፍጥነት አስነስቼ ስጫነው ፕላስቲኩ ሞቆ ቀለጠ፣ አራት ጎማ በአንድ ምሽት አበላሸሁ። ዝግ ብላችሁ፣ እያሳረፋችሁ፣ በእርጥብ ጨርቅ እያበረዳችሁ ስሩ። መነጽርም አድርጉ። ድሪሉን ልጅ እንዳይነካው፣ አዋቂ ይያዘው።

ጎማው ሲያልቅ ወደ ሚስማሩ እንሂድ። አንድ ሚስማር አንሱና ከጭንቅላቱ ስር ያለውን በፀሐይ ብርሃን እዩት። ፋብሪካው ሲይዘው የተወው ጭረት አለ። ጥፍራችሁን ብታስኬዱበት ይይዛችኋል። ከጭንቅላቱ ስርም የብረት እሾህ የመሰለ ትርፍ አለ። ጎማው ቀኑን ሙሉ የሚፋተገው ከእነዚህ ጋር ነው። ሚስማሩን በሹል ጫፉ በኩል ድሪል ላይ እሰሩ፣ እየዞረ መጀመሪያ በቀጭን ሞረድ ጭረቱን አንሱለት። የጭንቅላቱን የውስጥ ጠርዝም ትንሽ ወደ ውጭ ሸርተት እንዲል ሞርዱት። ቀጥሎ 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ 800፣ ከዚያ 1000 ወይም 2000፣ የመጨረሻዎቹን በውሃ አርጥባችሁ። ማጠናቀቂያው የጥርስ ሳሙና ነው። በጥጥ ጨርቅ ላይ ጥቂት አድርጋችሁ ሁለት ደቂቃ አሹት። ሲያበቃ የመስኮቱ ብርሃን በሚስማሩ ርዝመት ላይ ሳይቆራረጥ ቀጥ ብሎ ይታያል። ብርሃኑ የሆነ ቦታ ላይ ከተሰበረ ወደ 400 ተመለሱ። በዚህ ላይ አቋራጭ ፈልጌ አላገኘሁም።

ማለስለሻው የእርሳስ ዱቄት ነው፣ የምንጽፍበት እርሳስ። እርሳስ ይባል እንጂ ውስጡ ያለው ግራፋይት ነው፣ ግራፋይት ደግሞ ደረቅ ማለስለሻ ነው። 2ቢ ወይም ከዚያ በላይ የሆነው ለስላሳው ይሻላል፣ ሸክላው አነስተኛ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ፈጭታችሁ ቱቦው ውስጥ አስገቡና ጎማውን ደጋግማችሁ አዙሩት። ዘይት በጭራሽ አታድርጉ። እኔ አንዴ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርጌባት ነበር። ለመጀመሪያው ዙር በረረች። በሦስተኛው ዙር የግቢያችን አቧራ ዘይቱ ላይ ተጣብቆ ጭቃ ሆነና መሃል መንገድ ላይ ቆመች። ልጄ በዓይኑ እንባ ሞልቶ አየኝ። ያን ፊት አልረሳውም።

ክብደት

140 ግራም ተፈቅዶ በ100 ግራም መወዳደር ኪሳራ ነው። ከባዷ መኪና አየር የሚቀማት ከጉልበቷ ሲነጻጸር ጥቂት ነው፣ ጠፍጣፋው ላይ ስትደርስ ቶሎ አትደክምም። ጉድለቱን በዳዶና በሮንዴላ ሙሉት። ከኋላ፣ ከስር፣ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት። ወደ ኋላ የሚሆንበት ምክንያት አለው። መነሻው ላይ ኋላዋ ከፊቷ ከፍ ብሎ ስለሚቆም እዚያ ያለ ክብደት የሚወርደው ቁልቁለት ይረዝማል።

ግን ልክ አለው። መኪናዋን በማስመሪያ ጠርዝ ላይ አጋድማችሁ ሚዛኗን ፈልጉ። ሚዛኗ የምትጠብቅበት ቦታ ከኋላው ሚስማር 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ይሁን። እኔ ሁሉንም ጫፍ ላይ ከምሬ ቁልቁለቱ ወደ ጠፍጣፋው በሚታጠፍበት ቦታ አፍንጫዋ ተነስቶ ከመንገድ ወጣች። ለመመዘን የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። ከሌላችሁ ወርቅ ቤት በትህትና ጠይቁ፣ አይከለክሉም።

ከአሮጌ ባትሪ የሚወጣውን ከባዱን እርሳስ አቅልጦ ማፍሰስ የሚመክሩ አሉ። እባካችሁ አታድርጉት። ጭሱና ዱቄቱ የልጅን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። ዳዶ ይበቃል።

ቀጥ ማድረግ

ሚስማሮቹን ገና በኮላ አታጣብቁ። በጎማውና በቦዲው መሃል አንድ ኤቲኤም ካርድ የሚያልፍበት ክፍተት ተዉ። መኪናዋን ለስላሳ ጠረጴዛ ላይ በቀስታ ግፏት። ሜትር ተኩል ስትሄድ ከሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር በላይ ወደ ጎን ከሸሸች መንገድ ላይ ጠርዙን እየፋቀች ትሄዳለች። የእኔ ዘዴ ይህ ነው። የፊተኛውን አንድ ሚስማር በጣም በጥቂቱ አጥፋለሁ፣ ጭንቅላቱ ላይ በብረት መጋዝ ስንጥቅ አወጣለሁ። ከዚያ በካቻቪቴ እያዞርኩ እንደ መሪ አስተካክላታለሁ። ሌላኛውን የፊት ጎማ ደግሞ መሬት እንዳይነካ፣ ገና ቀዳዳውን ስበሳ 1.5 ሚሊ ሜትር ከፍ አደርገዋለሁ። በሦስት ጎማ ስትሄድ አራተኛውን ለማሽከርከር ጉልበት አታወጣም። ይህን የማይፈቅድ ውድድር ስላለ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ቀጥ ስትል ብቻ በሚስማሩ ጫፍ በኩል፣ ከስር፣ አንድ ጠብታ ኮላ። ሱፐር ግሉ ከሆነ ተጠንቀቁ፣ በሚስማሩ ተከትሎ ጎማው ውስጥ ይገባል።

መንገዱ

ከ9 እስከ 12 ሜትር ርዝመት ያለው ይበቃል። መነሻው ከመሬት 1.2 ሜትር ከፍ ይበል። ቺፑድ ቆርጣችሁ ቀጥሉ፣ መሃሉ ላይ 4 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 6 ሚሊ ሜትር ከፍታ ያለው ዝርግ እንጨት መቱበት፣ መኪናዋ እሱን በግራና በቀኝ ጎማዎቿ መሃል አድርጋ ትወርዳለች። ቁልቁለቱ ወደ ጠፍጣፋው በቀስታ ይታጠፍ። ማን እንደቀደመ ካልተግባባችሁ በስልክ ስሎው ሞሽን ቅረጹት። በክረምት ውጭ አታሳድሩት፣ ቺፑድ ዝናብ ከነካው ያብጣል።

የውድድሩ ቀን ጠዋት የእርሳስ ዱቄቱን አድሱ፣ ጎማውን ለአንድ ደቂቃ አዙሩ፣ ከዚያ ማንም ሲሚንቶ ላይ እንዳያስኬዳት። እኔ የኔን በጫማ ካርቶን ነው የምይዛት፣ ጎማዎቿ ምንም እንዳይነኩ በሁለት ቁራጭ ስፖንጅ ላይ አሳርፌ።