አንድ ኮምፒውተር ለሁለትና ለሦስት ሰው ሲካፈል የሚሠሩ ስህተቶች

ጅማ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ያሉ ፎቶኮፒ ቤቶች ውስጥ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ሥራ ሲበዛ፣ ለእያንዳንዱ የራሱን ስክሪን፣ ኪቦርድና ማውስ ሰጥቶ አንዱን ሲፒዩ ለሁለት ለሦስት ታይፒስት ማካፈል ጥሩ ሐሳብ ነው። ደህና ማሽን ለአንድ ጸሐፊ ይበዛል። የሚያበላሸው አሠራሩ ነው።

ስፕሊተር (አንዱን የስክሪን ገመድ ለሁለት የሚከፍል ዕቃ) ገዝታችሁ አትምጡ። ያንኑ ምስል ያባዛል እንጂ ሁለተኛ ተጠቃሚ አይፈጥርም። ሊኑክስ ላይ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ሲስተም ነው) እያንዳንዱ መቀመጫ፣ ማለትም የአንድ ሰው ስክሪን፣ ኪቦርድና ማውስ፣ የራሱ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል፤ የአንድ ካርድ ሁለት መውጫ እንደ አንድ መቀመጫ ነው የሚቆጠረው።

ተጨማሪ ካርድ ስትሰኩ ብዙ ማዘርቦርዶች አብሮ የተሠራውን ግራፊክስ ያጠፉታል። «ካርዱ ተቃጥሏል» ብላችሁ ሻጩ ላይ ከመጮኻችሁ በፊት ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ቅንብር) ገብታችሁ አብሮ የተሠራውን አብሩት።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። አንድ ቤት «ቫይረስ ገባብን» ተብዬ ተጠራሁ። ልጁ ስለ ቡና ገበያ የተጻፈ መመረቂያ ይተይባል፤ በመሃል «አከራይ ከዚህ በኋላ» የሚል ሐረግ ይገባበታል። አጠገቡ ያለችው ልጅ የቤት ኪራይ ውል እየጻፈች ነበር፤ የእሷ ስክሪን ላይ ግን አንድም ፊደል የለም። ቫይረስ አልነበረም። ጠዋት ጠረጴዛው ሲወለወል የእሷ ኪቦርድ ተነቅሎ ሌላ ፖርት ላይ ተሰክቷል። ይኸው ነው! ሲስተሙ የሚመዘግበው የፖርቱን አድራሻ እንጂ ኪቦርዱን አይደለም። ያልተመደበ ፖርት ላይ የተሰካ ሁሉ ወደ መጀመሪያው መቀመጫ ይሄዳል፤ እዚያ ቤት ያ የልጁ ነበር። ይህን ስንቴ ተናገርኩ! ስለዚህ «ሎግኢን ሲቲኤል አታች» (loginctl attach፣ ዕቃን ለመቀመጫ የሚመድበው የሊኑክስ ትእዛዝ) ስትሉ ኪቦርዱን ለብቻ፣ ማውሱን ለብቻ አትመድቡ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የዩኤስቢ ሃብ (አንዱን ፖርት ወደ ብዙ የሚያበዛ ዕቃ) ስጡና ሃቡን መድቡ፤ እሱ ላይ የሚሰካው ሁሉ ይከተለዋል። ከዚያ ሃቡንና ሲፒዩው ላይ ያለውን ፖርት በአንድ ቀለም ናስትሮ ምልክት አድርጉ፤ የሚያጸዳው ሰውም ቀለሙን ይወቅ።

ሃቡ የራሱ አዳፕተር ይኑረው። አንድ የዩኤስቢ 2.0 ፖርት የሚሰጠው እስከ 500 ሚሊአምፔር ነው፤ አዳፕተር የሌለው ሃብ ይህን ለኪቦርድ፣ ለማውስና ደንበኛ ላመጣው ፍላሽ ያካፍላል። ፍላሹ ሲሰካ ኪቦርዱ የሚደነዝዘው ለዚህ ነው።

ለሁሉም አንድ የተጠቃሚ ስም መስጠትም አይሆንም። ሁለተኛው ሰው ፋየርፎክስን ሲከፍት «ቀድሞ ተከፍቷል» ይለዋል።

በዊንዶውስ ለምትሞክሩ፦ ማይክሮሶፍት ለዚህ ሥራ በ2010 ያወጣው መልቲፖይንት ሰርቨር ዛሬ የለም፤ በዊንዶውስ ሰርቨር 2016 ውስጥ እንደ አንድ አገልግሎት ገብቶ ነበር፣ ከሰርቨር 2019 ወጥቷል። አሮጌ መመሪያ ይዛችሁ አትድከሙ።

መብራት ሲጠፋ የሦስት ሰው ሥራ አብሮ ይጠፋል፤ ዩፒኤስ ሳትገዙ አትጀምሩ። ሲፒዩውንም ከእግር አርቁት። ማብሪያውን አንዱ በጉልበቱ ከነካው ሁሉም ይዘጋባቸዋል፤ ሊኑክስ ላይ በሎጊንድ ቅንብር ፋይል (logind.conf) ውስጥ «ሃንድል ፓወር ኪ» (HandlePowerKey) የሚለውን «ኢግኖር» (ignore) ላይ አድርጉት፤ ማብሪያው ሲነካ ችላ ይለዋል።