በሬ ክፍት ነው ማለት አይበቃም

ተማሪ የምታማክሩ ወይም ላብራቶሪ የምትመሩ ከሆነ «በሬ ሁሌም ክፍት ነው፣ የፈለገ ይምጣ» ብላችሁ ታውቁ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። የሚመጣው ግን ማን ነው? ወላጆቹ የተማሩ፣ የፕሮፌሰር ቢሮ ማንኳኳት ነውር እንዳልሆነ ከልጅነቱ የሚያውቅ ልጅ። ከቤተሰቧ የመጀመሪያዋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነችው ግን «ሰውዬውን ለምን ላስቸግረው» ብላ ታልፋለች። ስለዚህ አትጠብቁ፣ በስሟ ጥሯት። «ትናንት ክፍል ውስጥ የጠየቅሽው ነገር መልሱ ገና አልተገኘም፣ ሐሙስ ብቅ በይና እንየው» ማለት ብቻ ነው። ደግሞ ከውጤት ዝርዝሩ አናት ላይ ብቻ አትፈልጉ። ማታ እየሠራች ቀን የምትማር ልጅ ውጤቷ ትንሽ ዝቅ ቢል አይግረማችሁ።

ከዚያ ገንዘብ። «መጀመሪያ በነጻ ትሥራ፣ ፍላጎቷን እንይ» የሚባለውን ነገር ተዉት። በነጻ መሥራት የሚችለው የቤት ኪራዩን ሌላ ሰው የሚከፍልለት ነው፤ የምትለኩት ፍላጎትን ሳይሆን የቤተሰብን ኪስ ነው። በጀቱ ትንሽ ከሆነ ሰዓቱን አሳንሱ እንጂ ክፍያውን አታስቀሩ። ኮንፈረንስ ላይም ያው ነው። «ቲኬቱን ግዢና ደረሰኝ አምጪ፣ እንመልስልሻለን» ትባላለች። ከየት አምጥታ ትግዛ? እኔ ይህ የገባኝ አንዷ ሦስት ጊዜ «ፈተና አለብኝ» ብላ ከቀረች በኋላ ነው፣ ፈተና አልነበረባትም። ቲኬቱን እናንተ ቀድማችሁ ቁረጡ።

ላብራቶሪ ከገባች በኋላ ዕቃ እያጠበች እንድትከርም አታድርጓት። ትንሽም ብትሆን የራሷ የሆነች ጥያቄ ስጧት። ብቻዋንም አታስገቧት፣ ሁለት ሦስት ሆነው ይግቡ። ዩሪ ትራይስማን የሚባል የሒሳብ መምህር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ካልኩለስ የሚባለው የሒሳብ ትምህርት የሚከብዳቸውን ጥቁር ተማሪዎች ሲከታተል ብዙዎቹ ለየብቻቸው እንደሚያጠኑ አየ። ማጠናከሪያ ትምህርት አልሰጣቸውም፤ ይልቁንም ከበድ ያሉ ጥያቄዎችን በቡድን የሚሠሩበት ፕሮግራም ከፈተ፣ ውጤታቸውም በጣም ተሻሻለ። እ.ኤ.አ. በ1988 እዚያው አሜሪካ በሜሪላንድ ባልቲሞር ካውንቲ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው፣ የሳይንስ ተማሪዎችን የሚደግፈው የሜየርሆፍ ፕሮግራምም ተማሪዎቹ ገና ከመጀመሪያው አብረው እንዲያጠኑ ያደርጋል፣ ከዚያ ወጥተው ዶክትሬት የያዙትም ብዙ ናቸው። ልብ በሉ፣ ሁለቱም ጋ ሥራው አልቀለለም።

አሁን ደግሞ ማንም የማይናገረው ነገር። አሜሪካን ጨምሮ በብዙ አገር የሳይንስ ዶክትሬት ተማሪ ይከፈለዋል እንጂ አይከፍልም። ይህን ስለማያውቁ ብቻ «የሀብታም ነገር ነው» ብለው የተዉት ስንት ናቸው! ብዙ ቦታ የማመልከቻ ክፍያው እንዲቀርላት መጠየቅ ትችላለች፤ በአንዳንድ ዘርፍ ደግሞ ከማመልከቷ በፊት ለወደፊት አማካሪዋ ኢሜይል መጻፍ የተለመደ ነው። እነዚህን ነገሮች በቃል ንገሯት፣ ኢሜይሉንም አጠገቧ ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ ጻፉት። ተቀባይነት ያጣ የራሳችሁን ጽሑፍ ከነትችቱ አሳዩአት። ያለዚያ የመጀመሪያዋ «አልተቀበልንም» ስትመጣ «ድሮም ቦታዬ አልነበረም» ትላለች፣ ዕቃዋን ሰብስባ ስትሄድም ላታውቁ ትችላላችሁ።

መጨረሻ ላይ የድጋፍ ደብዳቤ ይመጣል። «ታታሪና ትሑት ናት» ብላችሁ አትጻፉላት፤ እንዲህ ያለው ደብዳቤ ስለ ምርምሯ ምንም አይናገርም። የትኛውን ሙከራ ብቻዋን እንዳዘጋጀች፣ የቱ ጋ የእናንተን ስህተት እንዳገኘች ጻፉ። ደግሞ በቀኑ ላኩት፤ ቀኑ ሲቃረብ እሷ ደጋግማ ለማስታወስ ታፍራለች።