ፈረስ ሲጋልቡና ሲገሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጥር 23 ቀን እንጅባራ ተገኝቶ የአገው ፈረሰኞችን ግልቢያ ያየ ሰው «ምነው እኔም በቻልኩ» ማለቱ አይቀርም። ደስ የሚል ምኞት ነው። ጀማሪ ግን ብዙ ጊዜ ልቡ የሚሄደው ወደ ፍጥነቱ ነው። ጎበዝ ፈረሰኛ የሚታወቀው በእጁ ነው። «ፈረሱ አስቸገረኝ» የሚባለው ነገር ሲጣራ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የጋላቢው ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ከእጅ ልጀምር።

በዛብ ላይ መንጠልጠል። ሰው ሲንገዳገድ ያገኘውን ይጨብጣል። ፈረስ ላይ ደግሞ እጁ ውስጥ ያለው ዛብ፣ ማለትም ፈረሱን የሚመራበት ጠፍር ነው። ዛቡ ከፈረሱ አፍ ጋር የተያያዘ ነው። የአገራችን ባህላዊ ልጓም ደግሞ ቀላል አይደለም፤ የታችኛውን መንጋጋ የሚከብ የብረት ቀለበት አለው። ዛቡ ሲሳብ ብረቱ ላንቃውን ይገፋል፣ ቀለበቱ አገጩን ይጨምቃል። ለጉግስ ተጫዋች ይሄ ጥሩ ነው። አንድ እጁ ዘንግ ስለያዘ በሌላው ነካ ሲያደርግ ፈረሱ ወዲያው መታዘዝ አለበት። ጀማሪ እጅ ላይ ሲወድቅ ግን ያው ልጓም አፍ ያቆስላል።

ፈረሱን ልብ ብለው ይዩት። ጭንቅላቱን ወደ ላይ ይወረውራል፣ አፉን ይከፍታል፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ያጥፋል፣ ጅራቱን ያወናጭፋል። ጋላቢው «እልኸኛ ነው» ብሎ ይበልጥ ይስባል። ፈረስ ግን ሲያመው የሚያውቀው መፍትሔ መሸሽ ነው። ስለዚህ በሳቡት ቁጥር ይብሳል። ሚዛንዎን በወገብዎና በጭንዎ መጠበቅ ይልመዱ። አስተማሪው ፈረሱን በረጅም ገመድ ይዞ በክብ ሲያዞረው፣ እርስዎ ዛብ ሳይዙ ይቀመጡ። የግድ መያዝ ካስፈለገ ጋማውን ያዝ ማድረግ ነውር የለውም። በኋላ ዛብ ሲይዙ ደግሞ ለስለስ አድርገው ይጠይቁ፤ ፈረሱ እሺ ሲል በዚያው ቅጽበት ያላሉለት። ፈረስ የሚማረው ሲላላለት ነው። ታዞም ካልላላለት የመታዘዝ ጥቅሙ አይገባውም።

እግርን እርካብ ውስጥ እስከ ተረከዝ ማስገባት። የድሮ ፈረሰኞቻችን ባዶ እግራቸውን ሆነው በአውራ ጣታቸው ብቻ ትንሽዋን እርካብ ይይዙ ነበር። ቢወድቁ እግራቸው ቶሎ ይወጣል። ዛሬ በስኒከር ሰፊ እርካብ ላይ የሚወጣ ሰው ግን እግሩ አልፎ ሊገባና ሊያዝ ይችላል፤ ፈረሱ ከደነበረ ይጎትተዋል። እርካቡን የሚረግጡት ከጣቶችዎ ሥር ባለው ሰፊ የእግርዎ ክፍል ይሁን። ተረከዝዎ ዝቅ ይበል፤ ጫማዎም ትንሽ ተረከዝ ያለው ይሁን። ሄልሜት ማድረግም አይርሱ።

ከእርምጃ ወደ ሽምጥ መዝለል። ሶምሶማው ያንገጫግጫል፣ ስለዚህ ብዙዎች ቶሎ ሊያልፉት ይፈልጋሉ። መቀመጥ የሚለመደው ግን እዚያው ላይ ነው። ፈረሱን በሶምሶማ አዙረው፣ አቁመው፣ መልሰው ማስነሳት ሳይችሉ ለግልቢያ አይቸኩሉ።

የጀርባውን ነገር ችላ ማለት። ሲጭኑት ሆዱን የሚነፋ ፈረስ ብዙ ነው። ያኔ የጠበቀ የመሰለው የኮርቻው የሆድ ማሰሪያ ጠፍር ፈረሱ ትንሽ ከተራመደ በኋላ ይላላል፤ ኮርቻው ከነሰውየው ወደ ጎን ይዞራል። ጥቂት አራምደው እንደገና ያጥብቁት። ከመጫንዎ በፊት እጅዎን በጀርባው ላይ ያሳልፉ። ቆዳውን ካንቀጠቀጠ ወይም ዝቅ ካለ የሚያመው ቦታ አለ ማለት ነው። የታጠፈ ወይም ላብ ያደረቀው ግላስ፣ ማለትም ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈው ጨርቅም ያቆስለዋል። ሰው አባ ዳኘው፣ አባ ነፍሶ እየተባለ በፈረሱ ስም በሚጠራበት አገር፣ ገጣባ ፈረስ ተጭኖ ሲሄድ ማየት በጣም ያሳዝነኛል። ቁስል ካለ ኮርቻ አይጫንም፤ በቃ።

ሲገሩ መቸኮልና ዘግይቶ መቅጣት። ሁለት ዓመት የሞላው ውርንጭላ ትልቅ ቢመስልም አጥንቱ ገና አልጠናም። የጀርባ አጥንቱ እድገቱን የሚጨርሰው አምስትና ስድስት ዓመት አካባቢ ነው። መጀመሪያ በገመድ መመራትን፣ መታሰርን፣ እግር መስጠትን ያስተምሩት። ሰው የሚቀመጥበት ከሦስትና ከአራት ዓመቱ በኋላ፣ ለአጭር ጊዜና ቀለል ባለ ሰው ይጀመር። ቅጣትን በተመለከተ፣ ፈረስ አሁን የደረሰበትን የሚያገናኘው አሁን ከሚያደርገው ጋር ነው። ጥሎዎት ሄዶ፣ ተይዞ ሲመጣ በአለንጋ ቢገርፉት የሚማረው «ሰው ዘንድ ስመለስ እገረፋለሁ» የሚለውን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ጭራሽ አይያዝልዎትም።

ከኋላ ድንገት መቅረብም አደገኛ ነው። ፈረስ ግራና ቀኙን በሰፊው ቢያይም ልክ ከጭራው በስተጀርባ ያለውን አያይም። ድምፅ እያሰሙ በትከሻው በኩል ይምጡ።

ለበዓል ብቻ ማስታወስ። ይሄ የኛው ችግር ነው። ለወራት የቆመ ፈረስ በዓሉ ሲቃረብ ገብስ ይታጨቅለታል፣ በበዓሉ ቀን ሽምጥ ይጋለባል። ፈረስ ማስታወክ አይችልም፤ ድንገት የበዛ እህል ለሞት የሚያደርስ ቁርጠት ሊያመጣበት ይችላል። ስለዚህ ገብሱን በየቀኑ በጥቂቱ ይጨምሩ፤ ሳሩና ጭዱ አይቋረጥ። ልምምዱንም ከሳምንታት በፊት በእርምጃና በሶምሶማ ይጀምሩለት። ከግልቢያ በኋላ ደግሞ ወዲያው አስረው አያቁሙት። ወርደው፣ ጠፍሩን ላላ አድርገው፣ ትንፋሹ እስኪረጋ ቀስ እያሉ ያራምዱት። ውሃም ጥቂት በጥቂት እያረፉ ይስጡት።