የኋላ ዲፈረንሻል፦ ኦይል ሲል ከመቀየራችሁ በፊት መተንፈሻውን እዩ

ክረምት ሲወጣ ጋራዥ የሚገቡት ፎር ዊል መኪኖች የኋላ ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው የጥርስ ቤት) ችግራቸው ይመሳሰላል። በፒኞኑ፣ ማለትም ከሻፍቱ ጋር በሚያያዘው ትንሹ ጥርስ በኩል ዘይት ይንጠባጠባል። ባለቤቱ "ኦይል ሲሉን ቀይሩልኝ" ይላል፤ ዘይቱን የሚያግደውን የጎማ ቀለበት ማለቱ ነው። ይቀየርለታል። ትንሽ ቆይቶ ያው ዘይት እዚያው ቦታ ላይ ይታያል። እዚህ ሰፊውን ቦታ የምሰጠው ለዚህ ችግር ነው። ሌላውን ባጭሩ አልፈዋለሁ። የጎማ ንፋስ መለካትና ቡሎን ማጥበቅ የምታውቁት ነገር ስለሆነ አልገባበትም።

መጀመሪያ ድምፁን ለዩ

ነዳጅ ስትረግጡ የሚያፏጭ፣ ስትለቁ ደግሞ የሚጠፋ ወይም የሚለወጥ ድምፅ ከኮሮናና ፒኞን (ትልቁና ትንሹ ጥርስ) ወይም ከፒኞኑ ኩሽኔታ ነው። ረገጣችሁም ለቀቃችሁም የማይለወጥ፣ መሪውን ወደ አንድ ጎን ስታዞሩ ግን ከፍ ዝቅ የሚል ጉርምርምታ ከጎማ ኩሽኔታ ነው። ለዚህኛው ዲፈረንሻል አስፈትታችሁ ገንዘብ አትጨርሱ። ማርሽ ሲገባ "ጓ" ካለ መጀመሪያ የሻፍቱን መገጣጠሚያ፣ ክሮቸራውን፣ በእጃችሁ ነቅንቁት። ቀጥ ሲል ዝም ብሎ ሲታጠፍ ብቻ ከኋላ የሚያንኳኳ ከሆነ በዲፈረንሻሉ ሆድ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ጥርሶች ተበልተው ይሆናል፤ እሱ ብዙ ጊዜ አያጋጥምም።

በፒኞን በኩል ዘይት ሲንጠባጠብ

ዲፈረንሻል ሲሠራ ይሞቃል። ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ይሰፋል። ስለዚህ ከላዩ ላይ ትንሽ ቆብ ያላት መተንፈሻ ተሠርታለታለች። እሷ ከተደፈነች አየሩ መውጫ ያጣል። ግፊቱ ደካማውን ቦታ ይፈልጋል። ደካማው ቦታ ደግሞ ኦይል ሲሉ ነው። አዲስ ብታስገቡበትም ግፊቱ እስካልተነሳ ድረስ እሱም ዘይቱን ይለቃል።

የኛ አገር መንገድ ይህን ችግር ያባብሰዋል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚያ ደብረ ሲናን አልፋችሁ ጣርማ በር ስትደርሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥታችኋል። የውጪው የአየር ግፊት በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ዲፈረንሻሉ በዳገቱ ጭነት ተግሎ ውስጡ ያለው አየር ሊወጣ ሲታገል፣ ውጪው ደግሞ እየሳሳ ይሄዳል። መተንፈሻው ከተደፈነ ዘይቱ ጣርማ በር ዋሻ ጋ ሳትደርሱ መውጣት ይጀምራል። ሜዳ ላይ የማያፈስ መኪና ዳገት ላይ ሲያፈስ ካያችሁ ምልክቱ ይኸው ነው።

መተንፈሻውን የሚደፍነው ጭቃ ነው። የእነዋሪና የደነባ መረሬ አፈር አንዴ ከተጣበቀ ደርቆ ድንጋይ ይሆናል። ላቫጆ ደግሞ በኃይለኛ ውሃ እየገፋ ጭቃውን ቆቧ ሥር ይከተዋል። መኪናው ከላይ ያበራል፤ መተንፈሻው ግን ተቀብሯል።

አንድ ከመሐል ሜዳ ከተማ የመጣ ራቭ ፎር ትዝ ይለኛል። ኦይል ሲሉ በየጋራዡ ተደጋግሞ ተቀይሯል። የመጨረሻው ሠራተኛ ተስፋ ቆርጦ ዙሪያውን በሲሊኮን ለስኖታል። ባለቤቱ ተናደው "ልጄ፣ ይሄ መኪና የተረገመ ነው እንዴ?" አሉኝ። "ጋሼ፣ መኪናው ምንም አልሆነ፤ መተንፈሻው ታፍኖ ነው" አልኳቸው። የዘይት መሙያውን ቡሎን ስፈታው አየሩ "ፍሽሽ" ብሎ ወጣ። እሳቸውም ሰሙት። ሲሊኮኑን ፍቀን፣ መተንፈሻውን አጽድተን፣ ደህና ኦይል ሲል ገባለት። ከዚያ በኋላ በዚህ ነገር አልተመለሱም።

ሌላው የባሰ ነበር። ግራንድ ቪታራ ነው። መተንፈሻው ተሰብሮ ጠፍቷል። አንድ ሰው በቦታው ቡሎን አጥብቆበታል! እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ያ ቀዳዳ የተተወው በስህተት አይደለም። መኪናው ላይ በፒኞኑም በሁለቱም ጎኖችም ዘይት ይወጣ ነበር። ዘይቱ አልቆ የፒኞኑ ኩሽኔታ ከሙቀት ብዛት ሰማያዊ ሆኗል። በርካሽ ዕቃ ይዳን የነበረ ነገር ሙሉ ዲፈረንሻል አስገዛ።

እንዴት ይስተካከላል

መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ። በክሪክ ብቻ የተነሳ መኪና ሥር አትግቡ፤ መደገፊያ ይኑረው። መተንፈሻውን አግኙ። ራቭ ፎርና ቪታራ ላይ ከዲፈረንሻሉ ቤት አናት ላይ ነው፤ በእጅ መዳበስ ያስፈልጋል። አክስሉ ድፍን በሆነ መኪና ላይ ደግሞ ከአክስሉ ቱቦ ላይ ታገኙታላችሁ። ከመፍታታችሁ በፊት ዙሪያውን በብሩሽ ጥረጉ፤ አለበለዚያ ጭቃው ወደ ውስጥ ይገባል። ፍቱት፣ በቤንዚን እጠቡት፣ በንፋስ ንፉት። ቆቧ በጣት ስትነካ ካልተንቀሳቀሰች ወይም ከዛገች ቀይሩት። ዋጋው ኦይል ሲል ለማስቀየር ከምትከፍሉት ያነሰ ነው።

ጀማን ወይም ሌላ ወንዝ የምትሻገሩ ከሆነ ደግሞ ቆቧን በቱቦ ተኩት። የነዳጅ ቱቦ ይበቃል። ከመተንፈሻው ጀምራችሁ ወደ ላይ፣ ከሻንጣው ወለል ከፍ ወዳለ ቦታ ሳቡት፤ ጫፉን ወደ ታች አጥፉት። ጭስ ማውጫው አጠገብ አታሳልፉት፣ ይቀልጣል። እንዳይታጠፍና እንዳይታነቅም አስተውሉ።

ኦይል ሲሉን የምትቀይሩት ከዚህ በኋላ ነው። ኃይል ወደ ዲፈረንሻሉ የሚያመጣው ሻፍት ከመፈታቱ በፊት ከማያያዣው ጋር ምልክት ይደረግበት፤ ሲመለስ በቦታው ካልገባ መኪናው ይንቀጠቀጣል። የፒኞኑ ዳዶም ከመፈታቱ በፊት ምልክት ይደረግበት። ይህን አደራ እላለሁ። ዳዶው ሥር፣ ከኩሽኔታዎቹ መካከል፣ በልክ የሚጨፈለቅ ቀለበት አለ። ዳዶውን "ጠበቅ ይበል" ብላችሁ ከቦታው ካሳለፋችሁት ኩሽኔታው ይታነቃል፣ ይግላል፣ ይበላል። ዳዶው ወደ ምልክቱ ይመለስ። ቀለበቱ ራሱ ከተቀየረ ግን በምልክት አይሆንም፤ በመለኪያ መጥበቅ አለበት።

አሮጌው ኦይል ሲል የሚያርፍበትን ብረት በጥፍራችሁ ዳስሱት። ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለው አዲሱ ዕቃም ያፈሳል። አዲሱን በግራሶ ቀባ አድርጉና ዙሪያውን እኩል እየመታችሁ አስገቡት። በመዶሻ በአንድ በኩል መደብደብ ጠማማ ያደርገዋል። ገበያ ላይ ደግሞ ከፋብሪካው እንደ ፕላስቲክ ደርቀው የሚመጡ ኦይል ሲሎች አሉ። ከንፈሩን በጣት ተጫኑት፤ ካልለመጠ መልሱት። ሻጩ "ሁሉም አንድ ነው" ቢላችሁ አትስሙት።

ዘይቱ ወተት ሲመስል

ይህ የዚያው ችግር ሌላ ፊት ነው። የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ አየሩ ይኮማተራል። መተንፈሻው ከታፈነ በኦይል ሲሉ በኩል ውሃ ይስባል። ሳይታፈን ቆቧ ከውሃ በታች ከዋለችም ይስባል፤ ቱቦው የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወንዝ ከመሻገራችሁ በፊት ቆም በሉ፣ ይቀዝቅዝ። ከተሻገራችሁም በኋላ ዘይቱን እዩት።

ከነጣ ውሎ ማደር የለበትም። ኩሽኔታ ይዝጋል። ዘይቱን ሞቅ እያለ አፍስሱት። አዲስ ሙሉ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ንዱ፣ እንደገና አፍስሱና የመጨረሻውን ሙሉ። በናፍጣ የሚያጥቡ ጋራዦች አሉ። ናፍጣው ጥግ ጥግ ላይ ይቀርና አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል፤ እንዲያደርጉ አትፍቀዱ።

ሁልጊዜ የመሙያውን ቡሎን ከማፍሰሻው በፊት ፍቱ። አፍስሳችሁ ስትጨርሱ መሙያው እምቢ ካለ መኪናችሁ ያለ ዘይት ቆመ ማለት ነው። የማፍሰሻው ማግኔት ላይ እንደ ቅባት የሆነ ግራጫ ዱቄት ቢኖር አትደንግጡ። በጣት የሚያዝ ስባሪ ካለ ግን ይፈታ። ዘይቱ ጂ ኤል 5 የሚል ደረጃ የተጻፈበት ይሁን፤ ውፍረቱን መጽሐፉ ይነግራችኋል፣ 75 ደብልዩ 90 ወይም 80 ደብልዩ 90 የተለመዱ ናቸው። የኮሮናና የፒኞን ጥርስ እየተንሸራተተ ስለሚሠራ የሞተር ዘይት አይችለውም። ከመሙያው ቀዳዳ መፍሰስ ሲጀምር ልኩ ነው። ድምፅ ለማፈን ግራሶ የተሞላ ዲፈረንሻልም አይቻለሁ። ይህ ገዢን ማታለል ነው።

ሆንዳ ሲአርቪ ለያዛችሁ

የቀድሞዎቹ ሲአርቪዎች ላይ የኋላው ክላች የሚሠራው በሁለት ፓምፕ ነው፣ ያለውም ዲፈረንሻሉ ውስጥ ነው። የሚፈልገው የራሱን ልዩ ዘይት እንጂ ጂ ኤል 5 አይደለም። ጠባብ መታጠፊያ ላይ የሚያቃስት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ዘይቱ አርጅቷል ወይም የተሳሳተ ተሞልቷል። ትክክለኛውን ስትቀይሩለት ዝም ይላል። ሳይጠይቁ ከበርሜል የሚሞሉ ሰዎች ጋ ይህን መኪና አትውሰዱ።

ጎማና መጎተት

አራቱ ጎማዎች አንድ ልክ፣ ብዙም ያልተራራቀ ብላት ይኑራቸው። ሁለት አዲስ ፊት፣ ሁለት ያለቀ ኋላ ካደረጋችሁ የፊትና የኋላው ዙር አይገናኝም፤ የፊቱንና የኋላውን የሚያያይዘው ክላች ቀኑን ሙሉ እየተንሸራተተ ይግላል። አስፋልት ላይ ጥብብ አድርጋችሁ ስትታጠፉ መኪናው የታሰረ ያህል ከከበዳችሁ መጀመሪያ የምታዩት ጎማውን ነው።

ከተበላሸባችሁም ሁለት ጎማ አንጠልጥሎ የሚጎትት አትጥሩ። ሙሉ በሙሉ የሚጭን ይምጣ። ሌላ መንገድ ከጠፋ ሻፍቱ ይፈታ፤ የመኪናችሁ መጽሐፍ እንደዚያ መጎተትን የሚፈቅድ መሆኑን ግን አስቀድማችሁ እዩ።